ራሱን የሚችል፣ ካርቦን የማያበዛ ሰፈር፦ ምኑን ከምኑ እንምረጥ?

ቅዳሜ ወደ 11 ሰዓት ገደማ ነው። እኔ የምኖርበት የኮንዶሚኒየም ብሎክ ላይ ሁሉም ምጣዱን ሰክቷል። መጀመሪያ አምፖሉ ይደበዝዛል። ትንሽ ቆይቶ ብሬከሩ ጧ ይልና ብሎኩ ጨለማ ይሆናል። ጎረቤታችን አክንባሎውን ስትከፍት እንጀራው ግማሹ ዓይን አውጥቷል፣ ግማሹ ነጭ ሊጥ ሆኖ ቀርቷል። ሙቀቱ መሃል ላይ ወርዶበታል። ያ እንጀራ ተፍቆ ይጣላል።

ስለ ወደፊቱ ሰፈር ሲወራ ቀድሞ የሚመጣብኝ ይሄ ነው። ብዙ ጊዜ የምናየው ሥዕል ሌላ ነው፦ መስታወት የለበሰ ፎቅ፣ በረንዳው ላይ ዛፍ፣ ሹፌር የሌለው መኪና። የእኛ የወደፊት ሰፈር ግን በመጀመሪያ 30 ቤተሰብ ሳይጨነቅ እንጀራ የሚጋግርበት መሆን አለበት።

እስቲ እናስበው። 30 አባወራና እማወራ ተሰባስበው የቤት ማኅበር አቋቁመዋል። በቤት 5 ሰው ብንል 150 ሰው ነው። ቦታው አዲስ አበባ ዳር ላይ ግማሽ ሄክታር ገደማ ነው። በተቻለ መጠን ራሳችንን እንችላለን፣ አየሩንም አናበላሽም ብለዋል። ከዚህ በኋላ ምርጫዎች ይመጣሉ። በየምርጫው ያሉትን አማራጮች እያስተያየሁ እኔ ብሆን የትኛውን እንደምወስድ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ካርቦኑ የት እንዳለ እንወቅ

ከውጭ የሚመጡ ጽሑፎች ብዙውን ጊዜ በሶላር ይጀምራሉ። እዚያ ያስኬዳል። ብዙዎቹ አገሮች መብራታቸውን ከድንጋይ ከሰልና ከጋዝ ነው የሚያመነጩት። የእኛ መብራት ግን ከ90 በመቶ በላይ የሚመጣው ከውሃ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም ያንኑ አጠናክሮታል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ጣሪያችሁን በሶላር ብትሸፍኑት የምትቀንሱት ካርቦን ጥቂት ነው። ሶላር እኛ ጋ የሚጠቅመው መብራት ሲጠፋ ነው። ጄኔሬተርም ያስቀራል።

የእኛ ካርቦን ያለው ሦስት ቦታ ነው። አንደኛው ሲሚንቶና ፌሮ ነው። ሁለተኛው ከሰልና ማገዶ። ሦስተኛው ነዳጅ። በባህላዊ መንገድ 1 ኪሎ ከሰል ለማክሰል ከ5 ኪሎ ያላነሰ እንጨት ይሄዳል። ለክሊንከር ደግሞ፣ ማለትም ተፈጭቶ ሲሚንቶ ለሚሆነው ነገር፣ በ1 ቶን ከ800 እስከ 900 ኪሎ የሚደርስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ከግማሽ በላዩ የሚወጣው ከኖራ ድንጋዩ ከራሱ ነው። ምድጃው በምንም ዓይነት ንጹሕ ጉልበት ቢነድ ያ ክፍል አይቀርም።

ይህን ካወቅን የምርጫው ቅደም ተከተል ይለወጣል። ከሶላር በፊት ግድግዳው ይመጣል። ከግድግዳውም በፊት ቦታው።

በየቤቱ፣ በሰፈር ወይስ በከተማ?

ራስን መቻል በሦስት መንገድ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ሶላር፣ የራሱን ሮቶ፣ የራሱን ጉድጓድ ይይዛል። ወይም ሰፈሩ በጋራ ይይዛል። ወይም ሁሉም ከከተማው መስመር ላይ ይሆንና ፍጆታውን ብቻ ይቀንሳል።

የመጀመሪያው ነፃነት ይሰጣል። ጎረቤት ባይከፍልም የአንተ አይቆምም። ችግሩ ሁሉም ነገር 30 ጊዜ ይገዛል፣ 30 ቦታም ይበላሻል። ሦስተኛው ርካሽ ነው፣ ግን በፈረቃ የሚመጣ ውሃ ሲቀር አብረህ ትቀራለህ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፣ ግን በከፊል። ትልቁና የሚጠገነው ነገር የጋራ ይሁን። ትንሹ በየቤቱ ይሁን። የከተማው መስመርም አይቆረጥ። ሙሉ በሙሉ ከመስመር መውጣት ያምራል፣ ነገር ግን ለዓመቱ ጥቂት መጥፎ ቀናት ሲባል የባትሪው ወጪ በጣም ይጨምራል።

ሌሎች የሞከሩትን ማየት እዚህ ላይ ይረዳል። ደቡብ ለንደን፣ ሰተን ውስጥ፣ ቤድዜድ የሚባል መንደር እ.ኤ.አ. በ2002 ተጠናቀቀ። ወደ 100 የሚጠጉ ቤቶች አሉት። ግድግዳው ሙቀት እንዳያስወጣ ወፍራም ተደርጎ ተሠራ። መስኮቱ ወደ ፀሐይ ዞረ። ጣሪያው ላይ በነፋስ የሚዞሩ ባለቀለም የአየር ማስገቢያዎች ተተከሉ። ከዚህ ሌላ በእንጨት ፍቅፋቂ መብራትና ሙቅ ውሃ የሚሰጥ ትንሽ ማመንጫ ነበረው። ፍሳሹንም በዕፅዋት የሚያጣራ የራሱ ማጣሪያ ነበረው። ማመንጫው እየተበላሸ አስቸገረና በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቆመ። በጋዝ ቦይለር ተተካ። የፍሳሽ ማጣሪያውም ወጪው ስለከበደ ቀረ። ግድግዳው፣ መስኮቱና የአየር ማስገቢያው ግን ሥራቸውን ቀጠሉ።

አቡዳቢ ያለው ማስዳርም ተመሳሳይ ነገር ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሲታወጅ 50,000 ነዋሪ ይኖረዋል፣ በ2016 ያልቃል ተብሎ ነበር። ማጠናቀቂያው ወደ 2030 ተገፋ። በከተማው ሥር ሁሉ ይሄዳሉ የተባሉት ሹፌር አልባ መኪኖች አጭር መስመር ላይ ተወሰኑ። እዚያ በደንብ የሠራው ነገር ጠባብና ጥላ ያለው መንገድ ነው። የድሮ የዓረብ ከተሞች የሚያውቁት ዘዴ ነው።

ከሁለቱ የወሰድኩት አንድ መለኪያ አለ። አማራጭ ሲቀርብልኝ የምጠይቀው፣ ይሄ ነገር ቢበላሽ ነገ ጠዋት የሚጠግነው ማነው? ነው። መልሱ «ሰፈር ውስጥ ያለ ቧንቧ ሠራተኛ» ከሆነ ጥሩ። «ከውጭ የሚመጣ ባለሙያ» ከሆነ ሁለት ጊዜ አስባለሁ።

ስንት ፎቅ?

ቪላ፣ ጂ ፕላስ 1 ተያያዥ ቤት፣ ጂ ፕላስ 4 አፓርታማ፣ ወይስ ከዚያ በላይ?

እዚህ ላይ ሰው የማይቆጥረው አንድ ቁጥር አለ፦ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ጣሪያ። ዝናብ የምንይዘው በጣሪያ ነው። ፀሐይ የምንይዘውም በጣሪያ ነው። 5 ሰው ያለበት ጂ ፕላስ 1 ቤት 60 ካሬ ሜትር ላይ ቢያርፍ ለአንድ ሰው 12 ካሬ ጣሪያ ይደርሰዋል። እዚያው 60 ካሬ ላይ ጂ ፕላስ 4 ተሠርቶ በየፎቁ አንድ ቤተሰብ ቢገባ ለአንድ ሰው 2.4 ካሬ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ስትወጡ ራስን መቻል የሚባለው ነገር ይቀራል። ሊፍትም ይጨመራል። ያም ሆኖ ረጅም ፎቅ መሬት ይቆጥባል፣ ሰውን ለሥራ ቦታው ያቀርባል። ከተማው ውስጥ ለማኅበራችሁ የተሰጠው ቦታ ለጂ ፕላስ 9 ከሆነ አትዘኑ። ውሃና መብራት ከከተማው ውሰዱ፣ ጥረታችሁን ምጣድ፣ ቆሻሻና መኪና ላይ አድርጉ።

ቪላ ግን አልመክርም። ለ30 ቪላ በየቤቱ 200 ካሬ ሜትር ብትሉ 6,000 ነው፣ መንገዱ ሳይጨመር። በየቤቱ አጥር፣ በየአጥሩ ሲሚንቶ። ተያያዥ ጂ ፕላስ 1 ቢሆን ግን 30ው ቤት የሚያርፈው 1,800 ካሬ ላይ ነው። ግማሽ ሄክታሩ ውስጥ ከ3,000 ካሬ በላይ ለጓሮ፣ ለመንገድና ለልጆች መጫወቻ ይተርፋል። የጎረቤቶቹ ግድግዳ አንድ ስለሆነም ጡብ ይቀንሳል።

ለዚህ ውጭ አገር መሄድ አያስፈልግም። ሐረር ጁገል 48 ሄክታር ገደማ ነው። ቤቶቹ ተያይዘዋል፣ መንገዶቹ ጠባብ ናቸው፣ ሱቁም መስጊዱም በእግር ይደረስባቸዋል። ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ ቀን ይቀዘቅዛል። ካርቦን የሚለው ወሬ ሳይመጣ የተሠራ ነው።

አቅጣጫውንም አትርሱ። ወጪ የለውም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች ፀሐይ አናት ላይ ነው የምታልፈው። መስኮቶቹ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይሁኑ። ወደ ምዕራብ የዞረ ትልቅ መስታወት ከሰዓት በኋላ ቤቱን ያግለዋል።

ብሎኬት፣ ድንጋይ፣ ጭቃ ወይስ የታመቀ የአፈር ጡብ?

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። ከሁሉም የበለጠ ካርቦን የሚቆጠበው እዚህ ነው።

ብሎኬት ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ግንበኛው አለ፣ ባንኩ ይቀበለዋል፣ ፈጣን ነው። ግን ብሎኬት ብቻውን አይቆምም። ዓምዱ፣ ቢሙና ሶሌታው አርማታ ነው። የልስኑም ሲሚንቶ አለ። ቀጭን ስለሆነ ደግሞ የአዲስ አበባን ሌሊት ብርድ በደንብ አይከላከልም።

ድንጋይ ጠንካራ ነው፣ ዕድሜው ረጅም ነው። ጥሩ ድንጋይ ጠራቢ ካገኛችሁና ካባው ቅርብ ከሆነ ለመሠረትና ለምድር ቤቱ ድንቅ ነው። ለሁለተኛው ፎቅ ግን ይከብዳል።

የእንጨትና የጭቃ ቤት ካርቦኑ ከሁሉም ያነሰ ነው። አያቶቻችን የኖሩበት ነው። ምስጥና እርጥበት ካልተከላከልነው ግን ዕድሜው ያጥራል። ፎቅ ለሚፈልግ ማኅበርም አይሆንም።

የታመቀ የአፈር ጡብ መሃል ላይ ያለ ነው። ቀይ አፈር ተነፍቶ፣ ከ5 እስከ 8 በመቶ ሲሚንቶ ተቀላቅሎበት፣ በእጅ መጫኛ ማሽን ይታመቃል። አይተኮስም። ማገዶ አይፈልግም። ለ4 ሳምንት ያህል ተሸፍኖ፣ ውሃ እየተረጨበት ይጠነክራል። ሕንድ ውስጥ ኦሮቪል የምትባል ትንሽ ከተማ በዚህ ጡብ ለብዙ ዓመታት ባለፎቅ ቤቶች ሠርታለች፣ ማሽኑንም ራሷ ትሠራለች። እኛ ጋም ተሞክሯል። ልደታ ያለው የህንፃ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2010 ከስዊዘርላንዱ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዙሪኩ ኢቲኤች ጋር ሆኖ ግቢው ውስጥ ባለአንድ ፎቅ ቤት ሠርቷል። ምድር ቤቱ የተደበደበ አፈር ነው፣ ላይኛው የአፈር ጡብ። ወለሉንና ጣሪያውን የተሸከመው ፌሮ የሌለው ቀጭን የጡብ ቅስት ነው።

የእኔ ምርጫ ድንጋይ መሠረት፣ በላዩ የታመቀ የአፈር ጡብ፣ እንዲሁም የመሬት መንቀጥቀጥን ለመቋቋም በየፎቁ የሚዞር የአርማታ መቀነት ነው። አርማታን ፈጽሞ እንተው አልልም። የሚያስፈልግበት ቦታ ብቻ ይግባ ነው።

ከመወሰናችሁ በፊት ግን አፈሩን እዩት። ቦሌ፣ ሲኤምሲና አቃቂ አካባቢ ብዙ ቦታ ጥቁር አፈር ነው፤ ዋልካ። ክረምት ያብጣል፣ በጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ለጡብ አይሆንም፣ ለመሠረትም ጠላት ነው። ወደ እንጦጦ ግርጌ ያለው ቀዩ አፈር ይሻላል። ቀላል መፈተሻ አለ። አንድ ባዶ የማር ብርጭቆ ውሰዱ። የላዩን የበሰበሰ አፈር ግፈፉና ከክንድ ጥልቀት በታች ያለውን አንድ ሦስተኛ ያህል ጨምሩበት። ውሃ ሙሉና ትንሽ ጨው አድርጋችሁ በደንብ በጥብጡት። እስከ ነገ አትንኩት። በማግስቱ ንጣፉ በግልጽ ይታያል፦ ከታች አሸዋው፣ መሃል ላይ ደለሉ፣ ከላይ ሸክላው። አሸዋው ወፍራም፣ ሸክላው ቀጭን ከሆነ ደስ ይበላችሁ። ሸክላው ከግማሽ በላይ ከሆነ ሌላ ቦታ አፈር ፈልጉ ወይም አሸዋ ጨምሩ። የመጨረሻው ቃል የላቦራቶሪው ይሁን፤ ብርጭቆው ግን ወደ ላቦራቶሪ መሄድ ይገባ እንደሆነ ይነግራችኋል።

ምጣዱ

አሁን ወደ ጀመርኩበት ልመለስ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ከቤት ዕቃ እሱን የሚያክል ጥቂት ነው። 30 ቤት ቅዳሜ ማታ በአንዴ ቢጋግር ከ100 ኪሎዋት በላይ ነው። በየቤቱ ሶላር አስገብቼ ምጣድ እጋግርበታለሁ የሚል ሰው በሁለተኛው ወር ባትሪውን ይገድለዋል።

አማራጮቹ እነዚህ ናቸው። በየቤቱ ምጣድ ከከተማው መብራት ጋር፤ አሁን የምንኖረው ነው። ማገዶ ቆጣቢው ምርጥ ምድጃ፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነፃፀር ማገዶውን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፣ ለገጠር ቤት ውለታው ትልቅ ነው፣ ግን ማገዶ ማገዶ ነው። ከገበያ የተጋገረ መግዛት፤ ጊዜ ይቆጥባል። አራተኛው የጋራ ምጣድ ቤት ነው።

እኔ አራተኛውን እመርጣለሁ፣ በፀሐይ ሰዓት። ሒሳቡ እነሆ። አንድ ቤተሰብ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይጋግራል እንበል። ምጣዱ እስኪግልና 25 እንጀራ እስኪወጣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ወደ 5 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። 30 ቤት ሁለት ሁለት ጊዜ ሲጋግር በሳምንት 60 ዙር ነው። 4 ምጣድ ይተከል። በቀን ሦስት ዙር፦ ከ4 ሰዓት እስከ 5 ተኩል፣ ከዚያ እስከ 7፣ ከዚያ እስከ 8 ተኩል። በቀን 12 ዙር ይወጣል። በ5 ቀን 60 ይሞላል። ዓርብ ለጽዳትና ለጥገና ይሁን። እሑድ ዕረፍት ነው።

በቀን 12 ዙር ማለት 60 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። በጥሩ ፀሐይ ቀን አዲስ አበባ ላይ የ1 ኪሎዋት ፓኔል ከ4 እስከ 5 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል። ስለዚህ 15 ኪሎዋት ፓኔል ይበቃል። ቦታው 75 ካሬ ሜትር ገደማ፣ የምጣድ ቤቱና የሁለት ጎረቤት ቤቶች ጣሪያ ማለት ነው። ዋናው ነገር ደግሞ ባትሪ አያስፈልገውም። ፀሐይዋ ስትወጣ ምጣዱ ይግላል። ደመና ሲመጣ የጎደለውን ከከተማው መስመር ይስባል። ክረምት ላይ ሶላሩ ይዳከማል፣ ያኔ ደግሞ ግድቦቹ የሚሞሉበት ጊዜ ነው። ሁለቱ ይደጋገፋሉ። በየቤቱ ለአምፖል፣ ለፍሪጅ፣ ለዋይፋይና ለስልክ ትንሽ ባትሪ ብቻ ይበቃል።

ሰው የሚያነሳው ጥያቄ አለ። ሥራ የሚውል ሰው በ5 ሰዓት ማን ይጋግርለታል? እውነት ነው። ለዚህ የጋጋሪ ሥራ ይፈጠር። ሊጡንና አብሲቱን ቤተሰቡ ያዘጋጃል፣ የሰፈሩ ጋጋሪ ትጋግራለች፣ ማታ እንጀራው በሰፌድ ይጠብቃል። የእያንዳንዱ ቤት እንጀራ የየራሱን ጣዕም ይዞ ይቀጥላል። የገበያ እንጀራ ይህን አይሰጥም።

ሌላ ፍርሃትም አለ፣ የኔም ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ መሠራት የጀመሩት ኮንዶሚኒየሞች የጋራ ቤት አላቸው፤ እንጀራ እንዲጋገርበት፣ በግ እንዲታረድበት፣ ለቅሶና ሠርግ እንዲደረግበት። እኔ ያለሁበት ግቢ ያለው ግን መጋዘን ሆኖ ተከራይቷል። ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ራሱ ግማሹ ነዋሪ አያውቅም። ያ ቤት ሲሠራ ውሃው አንድ ጥግ ላይ ነበር፣ ጭስ መውጫ አልነበረውም፣ ከሩቁ ብሎክ ሊጥ ተሸክሞ መሄድ ያደክማል። ስለዚህ የምጣድ ቤቱን ከመንደሩ ዳር አትጣሉት። መሃል ላይ ይሁን። ከየቤቱ ከ50 ሜትር አይራቅ። አግዳሚ ይኑረው፣ ጥላ ይኑረው፣ ልጆች የሚጫወቱበት ከዚያ ይታይ። ቡና የሚጠጣበት ቦታ ከሆነ ማንም መጋዘን አያደርገውም።

ውሃ

ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ውሃ ቁጠሩት። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,100 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። በ60 ካሬ ጣሪያ ላይ፣ የሚፈሰውና የሚተነው ተቀንሶ፣ 53,000 ሊትር ገደማ ይገኛል። አንድ ኃይለኛ የሐምሌ ዝናብ 30 ሚሊሜትር ቢጥል ከአንድ ቤት ጣሪያ ብቻ 1,440 ሊትር ይወርዳል። 72 ጀሪካን ነው። አሁን ያ ሁሉ በአሸንዳ ወርዶ መንገድ ያበላሻል።

5 ሰው በቀን 60፣ 60 ሊትር ቢጠቀም ቤቱ በዓመት ከ109,000 ሊትር በላይ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ዝናቡ ግማሹን ይሸፍናል። አይ፣ ቆዩ፤ በወረቀት ነው የሚሸፍነው። አብዛኛው የሚዘንበው ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሆነ ጥያቄው ማጠራቀሚያው ነው። በየቤቱ 5,000 ሊትር ሮቶ ቢኖር ለሁሉም ነገር ከተጠቀማችሁበት በ17 ቀን ያልቃል። ለሽንት ቤት፣ ለልብስና ለጽዳት ብቻ በቀን 100 ሊትር ካደረጋችሁት 50 ቀን ይሄዳል። ከመሬት በታች 200,000 ሊትር የሚይዝ የጋራ ገንዳ ብትሠሩ ደግሞ በዚያው ልክ 30ውን ቤት ለ66 ቀን ያዳርሳል። ገንዳው ግን አርማታ ነው። ካርቦኑንም ወጪውንም ቁጠሩ።

የጉድጓድ ውሃ ሌላው አማራጭ ነው። ፈቃድ ይፈልጋል፣ ቁፋሮው ውድ ነው፣ ፓምፑ መብራት ይበላል። 30 ቤት ብቻውን አይከብደውም አልልም። ከጎን ካለ ማኅበር ጋር መጋራት ይሻላል። ሐዋሳ፣ ዝዋይ ወይም አዳማ አካባቢ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ጉድጓዱን ከማመናችሁ በፊት ፍሎራይዱን አስመርምሩ። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊግራም በሊትር ይበልጣል። ጥርስ ያበልዛል፣ አጥንትም ይጎዳል። እዚያ የመጠጥ ውሃውን ከጣሪያ መያዝ የተሻለው ምርጫ ነው።

አዲስ አበባ ላይ እኔ የምለው፦ በየቤቱ አንድ ሮቶ ለዝናብ፣ አንድ ለከተማው ውሃ፣ ቧንቧቸው ሳይቀላቀል። የክረምቱን መጀመሪያ ዝናብ አታስገቡት። የበጋውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ነው የሚመጣው።

ፍሳሽና ቆሻሻ

ሁሉንም ወደ ሴፕቲክ ታንክ ከቶ ቦቴ መጥራት የለመድነው ነው። ይሠራል፣ ግን ውሃው ባክኖ ይቀራል። ደረቅ ሽንት ቤት ውሃ አይፈልግም፣ ማዳበሪያም ይሰጣል፣ ነገር ግን ከተሜው ይለምደዋል ብዬ 30 ቤት ላይ አልወራረድም። መካከለኛው ይሻላል፦ የሽንት ቤቱ ውሃ ወደ ጋራ ሴፕቲክ ታንክ፣ የገላና የልብስ ውሃው ለብቻው በጠጠርና በደንገል ተጣርቶ ወደ ሙዙና እንሰቱ። የወጥ ቤት ዘይት ወደዚህኛው እንዳይገባ ብቻ ተጠንቀቁ።

ባዮጋዝ ብዙ ሰው ይወዳል። በገጠሩ ፕሮግራም የታወቀው 6 ሜትር ኩብ ጉድጓድ 4 ከብት ያህል ይፈልጋል። እኛ ከብት የለንም። የ30 ቤት የምግብ ትርፍራፊና ልጣጭ አንድ ትንሽ ጉድጓድ ይመግባል፣ ጋዙም ለምጣድ ቤቱ የወጥ ምድጃ ይሆናል። የድግስ ወጥ ከከሰል ይድናል። ግን አንድ ሰው ፌስታልና አጥንት ከጨመረበት ይታመማል። መለየት ካልለመዳችሁ በኮምፖስት ጀምሩ።

ጓሮ

ምግብ ላይ እውነቱን እንነጋገር። አንድ ቤተሰብ በወር 50 ኪሎ ጤፍ ቢበላ 30 ቤት በዓመት 180 ኩንታል ይፈልጋል። በአገር አማካይ አንድ ሄክታር 18 ኩንታል ገደማ ነው የሚሰጠው። 10 ሄክታር ማለት ነው። እኛ ያለን ግማሽ ሄክታር ነው። ጤፉን ከገበሬው እንግዛ። ከተቻለ ማኅበሩ በቀጥታ ከአንድ ዩኒየን ጋር ይዋዋል።

የሚያዋጣው ቶሎ የሚበላሸው ነገር ነው፦ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ቃሪያ፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም። ከዚያ ዶሮ። ቆጮ የሚወድ ቤተሰብ ካለ እንሰት ይትከል። ከ40 እስከ 60 እንሰት አንድ ቤተሰብ ለዓመት ይመግባል ተብሎ ይሰላል፣ ለመድረስ ግን ዓመታት ይፈጃል። የጋራ እርሻ ወይስ የግል መደብ ከተባለ የግል መደብ። የጋራ ጎመን ውሃ የሚያጠጣው ያጣል።

መኪናና ቦታው

እስካሁን የቆጠብነውን ሁሉ አንድ መጥፎ ቦታ ሊበላው ይችላል። ሰፈሩ ከሥራ 30 ኪሎሜትር ከራቀ 30 ቤተሰብ በየቀኑ ነዳጅ ያቃጥላል። ሁለት ቦታ ቢቀርብላችሁ፣ አንዱ ሰፊና ሩቅ፣ ሌላው ጠባብና ታክሲ መያዣ አጠገብ፣ ጠባቡን ውሰዱ። ትምህርት ቤት፣ ሱቅ፣ ወፍጮ ቤት በእግር ይደረስ እንደሆነ ሄዳችሁ ራሳችሁ ተራመዱት። በደረቅ ቀን ብቻ ሳይሆን ዝናብ በጣለ ማግስትም።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ስለተከለከለ አዲስ የሚገዛ ሰው የኤሌክትሪክ መኪና ነው የሚያስበው። እኛ ጋ መብራቱ ከውሃ ስለሆነ ጥቅሙ እውነተኛ ነው። ቢሆንም መኪና መሬት ይበላል። ጀርመን፣ ፍራይቡርግ ውስጥ ያለውን ቮባንን እዩ። የፈረንሳይ ወታደሮች እ.ኤ.አ. በ1992 የለቀቁት የጦር ሰፈር ነበር። አሁን ከ5,000 በላይ ሰው ይኖርበታል። ብዙውን ቤት የሠሩት ልክ እንደ እኛ የቤት ማኅበር የተሰባሰቡ ቤተሰቦች ናቸው። በአብዛኛው መንገድ ላይ መኪና ማቆም አይቻልም። መኪና ያለው ሰው ዳር ላይ ባለ ጋራዥ ቦታ ይገዛል። ውስጡ ያለው መንገድ የልጆች ነው። እኛም መኪናውን በሰፈሩ በር ላይ፣ ቻርጀሩንም እዚያው እናድርግ። ከበሩ እስከ ቤት ያለው በእግር ይሁን። ዕቃ ለማውረድና ለታመመ ሰው ብቻ ይከፈት።

ማን ይጠብቀዋል?

ሦስት መንገድ አለ። አባላቱ በተራ፣ ኮሚቴ በነፃ፣ ወይም ደመወዝ የሚከፈለው ሰው። በተራ የመጀመሪያውን ሁለት ወር ጥሩ ይሄዳል። ኮሚቴ ደግሞ ሁለት ታታሪ ሰዎች ላይ ይወድቅና እነሱ ሲሰለቹ ይቆማል። እኔ ደመወዝ ይከፈል ነው የምለው። 30 ቤት በየወሩ ሲያዋጣ አንድ ሠራተኛ ይቀጠራል፤ ዕድራችን ለዓመታት የኖረው በወር መዋጮና በደንብ በተያዘ መዝገብ ነው፣ ያው ደንብ እዚህም ይሠራል። ሥራው ብዙ አይደለም። ሰኔ ከመግባቱ በፊት አሸንዳ መጥረግ። በበጋ በየሁለት ሳምንቱ የፓኔሉን አቧራ ማጠብ። የገንዳውን ክዳን ማየት። ደንገሉን ማጨድ። የምጣድ ቤቱን ተራ መመዝገብ። ቁልፉ እሱ ጋ ይሁን፣ ትርፍ ቁልፍ ቢያንስ በሁለት ቤት ይቀመጥ፣ የተራው ዝርዝርም በሩ ላይ ይለጠፍ።